ላሞቹ ወዴት ተሻገሩ?

ነሐሴ 26፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

የጠዋት የሬዲዮ ጥሪ አልቋል። ሦስት መኪና መስክ ላይ፣ ሦስቱም መልሰዋል። ከአረካ መንገድ የመለሰው ጴጥሮስ ነው፣ አፉ ምግብ እንደሞላ። ስድስት ዓመት ሾፌራችን ሆኖ ቁርሱንና ሬዲዮውን አንድ ቀን ለይቶ አያውቅም።

ለደንቡ ያህል፦ የድርጅታችን መመሪያ የሥራ ነገር በግል ማስታወሻ መጻፍ ይከለክላል። መመሪያውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ፣ ደብተሬ፣ አንቺ የለሽም። ከሌለሽ ማንም አያነብሽም። እንቀጥል።

ትናንት ቸርች በር ላይ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ማስተማር ትቼ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። በደመወዝ እፈራለሁ አልኳት። ሳቀች፣ ግን እውነቴን ነው። የእርዳታ ሠራተኞች ግጭት ወዳለበት ቦታ ሲወጡ ምን ሊገጥማቸው ይችላል ብዬ ቁጭ ብዬ እፈራላቸዋለሁ። ፍርሃቴን በሠንጠረዥ አስቀምጣለሁ። የመሆን ዕድሉ ከአምስት ስንት፣ ጉዳቱ ከአምስት ስንት፣ ይባዛል፣ ቀለም ይወጣዋል። አረንጓዴ ሂዱ፣ ቢጫ እየተጠነቀቃችሁ ሂዱ፣ ቀይ ተቀመጡ።

ወ/ዳ ዛሬም ቀይ። ወንዝ ዳር ማለቴ ነው፤ የቀበሌዋን ስም እዚህም አልጽፍም፣ የሙያ በሽታ ነው። ከቢጠና ከተማ ወደ ቆላው ሲወረድ ናት። ግንቦት ላይ ከወንዙ ማዶ ሰዎች ጋር በግጦሽ ተጣልተው ተጋጩ። ከዚያ ወዲህ ቡድናችን አልረገጣትም። አራተኛ ወሩ። ቀይ ማርከሬ ደርቋል። ዛሬ ወረቀቱን ይጭራል እንጂ አይጽፍም።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

አስቴር አኩርፋኛለች። ነርሳችን ናት፣ ጓደኛዬም ናት፣ በሁለቱም በኩል አኩርፋለች። ጠዋት የቢሮዬ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። መጀመሪያ የመሰለኝ ማስፈራሪያ ነው። የሙያ በሽታ ብዬሻለሁ። ለካ የወ/ዳ ሕፃናት ስም ዝርዝር ነው፣ ከስተው አልሚ ምግብ እንሰጣቸው የነበሩት። አንደኛ ተራ ላይ፦ ምስጋና፣ ዓመት ከሰባት ወር። ከሥሩ ምንም አልጻፈችም። ምነው በሰደበችኝ።

በዚያ ላይ ከዋናው መ/ቤት ደብዳቤ። አለቃዬ አቶ ሰለሞን አዲስ አበባ ሆኖ በጨዋ ቋንቋ ያስረዳል። መስከረም 13 ስብሰባ አለ። ወ/ዳ እስከዚያ ከቀይ ካልወጣች ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ምግቡም መኪናውም ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል። የሚወስነው የእኔ ሠንጠረዥ ነው።

ምን ላድርግ? ግንቦት ላይ አረንጓዴ ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። በማግስቱ ድንጋይ የመኪናውን መስታወት ሰብሮ ገባ። ጴጥሮስ ቅንድቡ ላይ ስድስት ቦታ ተሰፋ። ማንም አልወቀሰኝም። እሱማ ጠባሳው አምሮብኛል እያለ በመስታወት ያየዋል። እኔ ግን ወ/ዳ በተነሳች ቁጥር የሚታየኝ ሸሚዙ ላይ የነበረው ደም ነው። እጄም ወደ ቀዩ ብቻ ይሄዳል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ፣ 5፡15

ታሪኳ ደወለች። የወ/ዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሶዶ ተወልዳ ሶዶ ያደገች፣ እዚያ ከተመደበች ገና ወሯ። ስልኩ እየተቆራረጠ። ትናንት ጠዋት ብዙ ከብት ወንዙን ሲሻገር አይታለች። ወጣቶች ዱላ ይዘው ይነዳሉ። ጦር የያዙም አሉ። ይጮኻሉ። ተቋረጠ። ብደውል ብደውል፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ»...

መዝገብ፣ ተ.ቁ. 14፦ የከብት ዝርፊያ፣ በቡድን፣ ጦር መሣሪያ የያዙ። ዕድሉ 5፣ ጉዳቱ 4። ሃያ። ቀይ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ለአስቴር ነገርኳት። ዝርዝሩን ከበሬ ልትነቅል ሄደች። አንዱን ጥግ አነሳችው፣ መልሳ ለጠፈችው። ወረቀቱ አሁን ጠማማ ነው። ሳየው ያመኛል።

መስከረም 2፣ ዓርብ፣ 9፡00

እንኳን አደረሰሽ ደብተሬ! ትናንት አልጻፍኩም፣ በልቼ ተኛሁ።

ዛሬ ቢሮው ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። የዘመን መለወጫው አልበቃ ብሎ ጊፋታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የእኛ የወላይታዎቹ ዘመን መለወጫ። ወንዶቹ በማኅበር የሚያርዱትን በሬ ለመምረጥ ሻይ ሰዓት ላይ ወጡ፣ ከምሳ በኋላ ተመለሱ። ጴጥሮስ የበሬውን ፎቶ አምጥቶ የሥጋት ግምገማ ይሠራለት አለኝ። ሠራሁለት። የመራገጥ ዕድል 4፣ ጉዳት 3። ገመድ የመበጠስ ዕድል 5። ከጊፋታ በፊት የመክሳት ዕድል 1። ቢጫ። ፈርሜ ማኅተም መታሁበት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ፋይል አድርጎታል አሉ።

አስቴር ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የሳቀችው፣ ኩርፊያዋ እንዳይሰረዝባት። እኔ ግን አይቻለሁ!

መስከረም 4፣ እሁድ፣ ከቀኑ 10፡00፣ ቦዲቲ

እማዬ ጋ ነኝ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ቻይው።

ከቸርች መጥተን ጎዳሬ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያችን፣ ቀረበልኝ። እማዬ ወሬዋን ያዘች። ማሮ የምትባል ላም አለቻት። ግቢው ስለማይበቃ አረካ አጠገብ ላለች ሴት ለርቢ ሰጥታታለች። ወተቱ ለምታረባዋ፣ ጥጃው እኩል። እዚህ አገር ላም ያለው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ሚያዝያ ላይ በጥጃ ተጣሉና እማዬ ተበሳጭታ በእግሯ ሄዳ ላሟን ነድታ መጣች። አሁን ጊፋታ ሲቃረብ ሽማግሌ ገባ፤ ጠብ ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው። ታረቁ። ሐሙስ ዕለት ማሮ ወደ አረካ ተመለሰች። ጎረቤቶች አብረው ነዷት፣ መንገዱን ሙሉ እየዘፈኑ።

የሚጣላ ሰው መጀመሪያ ላሙን ነው የሚያስመጣው፣ ሲታረቅም መጀመሪያ የምትመለሰው ላሟ ናት አለችኝ እማዬ። እንዲያው እንደ ወሬ። ዳጣውን ወደ እኔ እየገፋች።

ጎዳሬው እጄ ላይ ቀረ።

ተ.ቁ. 14! ከብት፣ ወንዝ፣ ዱላ፣ ጩኸት! የወ/ዳና የማዶ ሰዎችም እኮ አንዱ የሌላውን ላም ያረባል። በቀን ብርሃን፣ በጠዋት፣ ሰው እያየ የሚዘርፍ ማን ነው?

ከዚያ የባሰው ትዝ አለኝ። ግንቦት ላይ፣ ግጭቱ ሳምንት ሲቀረው፣ መዝገቤ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። «የቀበሌው ሰዎች ከብቶቻቸውን ከማዶ እየመለሱ ነው።» ምንም አይደለም ብዬ አልፌ አረንጓዴ ፈረምኩ። የጴጥሮስ ቅንድብ እዚያች መስመር ላይ ተጽፎ ነበር። ያን ጊዜ ላሞቹ ጠብ መጣ ሲሉ አልሰማሁም። አሁን እርቅ ሆነ ሲሉ ዝርፊያ አልኳቸው። የወላይታ ልጅ! የእናቷ ላም አረካ የምትታለብ!

ስልኬን አነሳሁ፣ ታሪኳ አትገኝም። እማዬ ምን ነካሽ፣ ላም ልትገዢ ነው? አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ዳጣ በሻሿ ላይ።

መስከረም 5፣ ሰኞ፣ 3፡30

ታሪኳን አገኘኋት። ሌሊቱን ጥያቄዎቼን ስደረድር ነው ያደርኩት።

ላሞቹ ወዴት ተሻገሩ? ከእኛ ወደ ማዶ። ጥጆቹስ? ከናቶቻቸው ጋር። ሴቶች ነበሩ? ነበሩ፣ አናታቸው ላይ ቅቤ ተቀብተው። ጦሩን የያዘው ማን ነው? ሽማግሌዎች፣ ጫፉን ወደ መሬት አድርገው። ጩኸቱስ? ጩኸቱን በአፏ ልታስመስልልኝ ጀመረች። «አሁን ሳስበው እኮ ዘፈን ነው፣ እህት ትዕግሥት» አለች። ድምፅዋ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ጸሐፊያችን ምን ሆነች ብላ በሩን ከፈተች። አይዞሽ፣ አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ፣ ዝርፊያ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት ታሪኳን።

ግን ቀስ። አንድ ስልክ ቀይ አያነሳም። ሦስት ምንጭ፣ እርስ በርስ ያልተነጋገሩ፤ ይህንንም ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቢጠና ያለ የወረዳ ባለሙያ ጋ ደወልኩ፦ እርቁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተፈጽሟል፣ ደብዳቤው እየተጻፈ ነው። በወንዙ ወዲህም በማዶም ገበያ ላይ ጨው የምትሸጥ ሴት ጋ ደወልኩ፦ ከእርቁ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተሻግራለች፣ የሚያስፈራት ጭቃው ብቻ ነው። ሦስት ሆነ።

ደስታዬን የት ላድርገው? ለአስቴር ገና አልነገርኳትም። ዳግመኛ ብሳሳትስ?

መስከረም 7፣ ረቡዕ፣ 8፡00

አቶ ሰለሞን ጋ ረጅም ስልክ። ስለ ላሞቹ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከዚያ ላም በሠንጠረዡ የትኛው ዓምድ ውስጥ ነው የምትገባው አለ። ዓምድ የላትም አልኩ፣ ችግሩም እሱ ነው። ሳቀ። ሰውዬው ደግ ነው፣ ግን ወረቀት ይፈልጋል። ከስልክ የበለጠ ማስረጃ አምጪ አለ። ቀይ ቦታ የሚፈቀደው የግምገማ ጉዞ ብቻ ነው፤ ገምጋሚና ሾፌር፣ ሌላ ማንም አይሄድም። ማን ይሄዳል? ብሎ ጠየቀ።

ደብተሬ፣ ላንቺ አልዋሽም። የግምገማ ጉዞ አራት ወር ሙሉ ተፈቅዶልኛል። አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው ቀይ ቀይ ስል የከረምኩት። ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ ፈሪነት ነው።

እኔ እሄዳለሁ አልኩ።

ሌላ ሾፌር እንዲመደብልኝ ስጠይቅ ጴጥሮስ ሰማና ተቆጣ። «ትዕግሥት እህቴ፣ የዚያ መንገድ ድንጋይ እኔን ያውቃል። የማያውቀው አንቺን ነው። አስተዋውቃችኋለሁ።» ቅንድቡን እያሳየኝ! መኪናውን ዛሬውኑ ሁለት ጊዜ አጠበ። ለላም ነው ለሽማግሌ እንደዚህ የምታሳምራት ቢሉት፣ ለሁለቱም አለ።

መስከረም 9፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡45፣ ሶዶ፣ ቤቴ

ደርሰን ተመልሰናል። ሁሉም ሰላም። ከየት ልጀምር?

ፍርሃቴ፦ ከቢጠና ወዲያ የመንገዱን ድንጋይ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በየግማሽ ሰዓቱ ሬዲዮ ስነካ ጴጥሮስ መዝሙር ጀመረ። ድንጋዩ የተወረወረበት ቦታ ስንደርስ መኪናውን አቆመ። እዚህ ነው አለ፣ ወረደ፣ ሽንቱን ሸና፣ ተመልሶ ገባ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ መቁጠር ተውኩ።

እማማ ፋንታዬ ተቀበሉን። የቀበሌዋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እርቁ ላይ ከሴቶች ወገን የተቀመጡ። ፎርሜን አውጥቼ በወላይትኛ መጠየቅ ጀመርኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እጄን ይዘው ወንዙ ዳር ወሰዱኝ። ማዶ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ነጭ ግንባር ያላት ላም። የእኔ ናት አሉ። ደግሞ ቀይ ጥጃ አሳዩኝ፣ እሷ የማዶዋ ሴት ናት፣ እኔ ጋ ነው የምታድገው። ሊጣላ ያሰበ ሰው ልጁን ጎረቤት ይተዋል? ብለው ጠየቁኝ። ፎርሙን አጠፍኩት።

ከዚያ እሳቸው ጠየቁኝ። ለምን ቀራችሁ? ምን ይባላል? የጴጥሮስን ቅንድብ አሳየኋቸው። በሁለት እጃቸው ጭንቅላቱን ያዙ፣ ጠባሳውን ሳሙት። ድንጋዩን የወረወረው የማን ልጅ እንደሆነ እርቁ ላይ ወጥቷል፤ አባትየው ተጠርቶ መጣ። አንገቱን ደፍቶ የጴጥሮስን ትከሻ ሳመ፣ ለጊፋታ ሥጋ ቤቴ ትበላለህ አለው። ግምገማ ሳልሠራ ጴጥሮስ እሺ አለ!

ምስጋናን አየሁት። የዝርዝሩ አንደኛ። ታሪኳ ክንዱን ለካችው፤ መለኪያው ወረቀት ላይ ያሉት ቀለሞች ከእኔ ሠንጠረዥ ጋር አንድ ናቸው፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እዚህ ቀይ ማለት በጣም የከሳ ነው። ቢጫ። እናቱ በየሁለት ሳምንቱ አዝላው ቢጠና ድረስ እየወጣች ነው አልሚውን የምታመጣለት። ለመሄድ ሦስት ሰዓት፣ ለመመለስ ሦስት ሰዓት። እኔ ቀይ ባልኩት መንገድ፣ በእግሯ፣ አራት ወር። ሁሉም እናት ግን ይህን አልቻለም፤ ያልቻሉትን ስም ታሪኳ በቀስታ ነገረችኝ። ጻፍኩ። አፈርኩ፣ ደብተሬ።

ልጁ ግን ስለ እኔ እፍረት ግድ አልነበረውም። ደረት ኪሴ ውስጥ ያለውን ቀይ ማርከር መንጭቆ ወሰደ፣ አልመልስም አለ። ደርቋል፣ ተውኩለት። ክዳኑን ብቻ ወሰድኩ፣ ሊያንቀው ይችላል፦ ዕድሉ 3፣ ጉዳቱ 5።

መስከረም 12፣ ሰኞ፣ 6፡20

ሠንጠረዡን ሞላሁት። ወ/ዳ፦ ቢጫ። አረንጓዴ ማለት አማረኝ፣ ግን አላልኩም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እርቁም ገና ትኩስ ነው። ሁለት መኪና አብሮ ይሄዳል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢጠና ይመለሳል፣ ከመውጣታችን በፊት ለእማማ ፋንታዬ ይደወላል። ሠንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ፦ «ላሞቹ የት ናቸው?» ማዶ ካሉ አንድ ነጥብ ይቀነሳል። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ሳይውል ሳያድር ስልክ ይደወላል።

ተ.ቁ. 14ን አልሰረዝኩትም። ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ስህተት፣ የገምጋሚዋ። ዝርፊያ ሳይሆን እርቅ ነው።» ስሜን ሙሉ ጽፌ ፈረምኩ። የግንቦቱም መስመር ሥር እንዲሁ። ሁለተኛው ፊርማ ከበደኝ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ፣ 10፡10

ጸደቀ! ጸደቀ! ጸደቀ!

አስቴር ኮሪደሩ ላይ ጮኸች። ጥበቃው ዱላ ይዞ መጣ። ዝርዝሩን ከበሬ ላይ ነቀለች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አራት ወር ያጠራቀመችውን ስድብ ጆሮዬ ውስጥ ጨረሰችው። እንዲህ ደስ ያለኝ ስድብ የለም። ጉዞው ሐሙስ፣ ጊፋታ ሳይደርስ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ላምሽ ፕሮግራም አዳነች አልኳት። ማሮ ትታለባለች እንጂ ምን ታድናለች አለች። ግን ሰፈሩን አዳርሳዋለች፣ አውቃታለሁ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ፣ ንጋት 12፡25

ሁለቱ መኪኖች ግቢው ውስጥ ናቸው። አልሚው ተጭኗል። አስቴር ሚዛኗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ትዞራለች። እማማ ፋንታዬ ጋ ተደውሏል፦ ላሞቹ ማዶ ናቸው፣ ሌሊቱን አልዘነበም፣ ኑ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። መመሪያው የሚለው፣ ጉዞውን የፈቀደ ሰው ቢሮ ሆኖ ሬዲዮ ይጠብቃል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ግንቦት ላይ ጴጥሮስ ሲደማ እኔ ይህ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ አሁን፣ ከመውጣታቸው በፊት፣ አንቀጹን ቀየርኩት። ቀይ የነበረ ቦታ ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ጉዞ የፈረመው ሰው የመጀመሪያው መኪና ውስጥ ይሳፈራል። ሬዲዮውን ለጸሐፊያችን አስረክቤያለሁ፤ ሁለት ቀን አለማምጃታለሁ፣ ከእኔ በላይ ትጮኻለች። አቶ ሰለሞን ትናንት ማታ በመልእክት «ይሁን» ብሏል። የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ አንደኛ ተራ ባዶ ነበር። ስሜን ጻፍኩበት።

እፈራለሁ? አዎ። ግን ዛሬ የምፈራው ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ፣ ጴጥሮስ እየዘመረ፣ አስቴር እየሰደበችኝ። አዲስ ቀይ ማርከር ገዝቻለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሳያስፈልገኝ ይደርቅ። ምስጋና የወሰደውን ማርከር ክዳን ግን ረሳሁት፣ መሳቢያው ው... ጥሩምባ። ጴጥሮስ ነው። አንቺን ይዤሽ አልሄድም፣ መመሪያው አይፈቅድም፣ ስመለስ ሁሉንም እነግ...